በሥነ ተዋልዶ ጤና ጥናት መሥራት ለምትፈልጉ የድሬና የሐረር ልጆች

በየዓመቱ ተመራቂ ሲወጣ ስልኬ ሥራ ይበዛበታል። አዋላጅ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ አንዳንዴም የሕግ ተማሪዎች ይደውላሉ። ጥያቄያቸው ተመሳሳይ ነው፦ «ሲስተር፣ አንቺ ያለሽበት ሥራ ውስጥ እንዴት ይገባል?» ብዙዎቹ መልሱን ይዘው ነው የሚደውሉት። ውጭ አገር ማስተርስ፣ የሚያምር እንግሊዝኛ፣ ጄኔቫ ያለ የሚያውቁት ሰው። አቦ፣ ከዚያ አይጀመርም።

ድሬዳዋ ሳቢያን ተወልጄ ሐረር የምሠራ አዋላጅ ነኝ። ማዋለጃ ክፍል ቆይቼ መረጃ ሰብሳቢ ሆንኩ፤ ቀጥሎ ሱፐርቫይዘር። አሁን የጥናት አስተባባሪ ነኝ፤ በመሃል የፖሊሲ ሰነድ እጽፋለሁ። የምሠራው ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ በሚያወራው ጉዳይ ላይ ነው፤ ጽንስ ማቋረጥ። ስለዚህ መስክ የማምንበት አንድ ነገር አለ። ዓለም የሚጠቅሰው ቁጥር የሚሠራው እኛ ጋ ነው፤ በጤና ጣቢያ መዝገብ፣ በጁገል ግቢ፣ ደቻቱ ዳር ባለ ቤት። ቁጥሩ እንዴት እንደተሠራ የሚያውቅ ሰው ስብሰባ ላይ ይደመጣል። የማያውቅ ግን መጠይቅ ተሸክሞ ሲዞር ይኖራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

መጀመሪያ ሕጉን

ሥራው ሁሉ የቆመው በወንጀል ሕጉ ላይ ነው። አዋጅ ቁጥር 414/1996፤ ሥራ ላይ የዋለው በግንቦት 1997 ዓ.ም.። ጽንስ ማቋረጥን የሚመለከቱት አንቀጾች ከ545 እስከ 552 ናቸው። አንድ ቡና ተፈልቶ እስኪጠጣ አንብባችሁ ትጨርሷቸዋላችሁ። ግን ለዓመታት መስኩ ላይ የቆዩ ሰዎች ሳያነቡት ሲከራከሩ እሰማለሁ።

መነሻው ክልከላ ነው። አንቀጽ 551 ደግሞ በሕክምና ተቋም ሲደረግ የማያስቀጣበትን ሁኔታ ይዘረዝራል። እርግዝናው በመደፈር ወይም ከቅርብ ዘመድ ጋር በተፈጸመ ግንኙነት የመጣ ከሆነ። የእናቲቱን ወይም የልጁን ሕይወት፣ ወይም የእናቲቱን ጤና አደጋ ላይ የሚጥል ከሆነ። ጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት ካለበት። እናቲቱ ባለባት የአካል ወይም የአእምሮ ጉድለት፣ ወይም ለአካለ መጠን ባለመድረሷ፣ ልጁን ለማሳደግ ዝግጁ ካልሆነች። ቀጥሎ አንቀጽ 552 አለ፤ ሰው ሁሉ ዘሎት የሚያልፈው እሱን ነው። ተደፍሬ ነው ያረገዝኩት ላለች ሴት ቃሏ ብቻ በቂ ማስረጃ ነው ይላል። የፖሊስ ወረቀት አያስፈልግም። አንቀጽ 550 ደግሞ ከባድ ድህነትን የቅጣት ማቅለያ ያደርገዋል።

ይህን ወደ ክሊኒክ የሚያወርደው የጤና ሚኒስቴር መመሪያ ነው። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው፤ በ2014 ተሻሽሏል። ዕድሜ ሲመዘገብ እሷ የነገረቻችሁ ነው የሚጻፈው። አገልግሎቱ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ መሰጠት አለበት። የሠለጠነ አዋላጅ፣ ነርስና ጤና መኮንን መስጠት ይችላል፤ ስፔሻሊስት ብቻ የሚነካው ሥራ አይደለም።

ይህ ለተመራማሪ ምን ያደርጋል? ባለሙያዎችን ስናነጋግር «የፖሊስ ማስረጃ ካላመጣች አልነካትም» የሚል አይጠፋም። ሕጉን ያላነበበ ጠያቂ «ሕጉ ጥብቅ ነው» ብሎ ይመዘግበዋል። ያነበበ ግን ሌላ ነገር ይታየዋል፤ ሕጉ ወጥቶ ክሊኒኩ በር ላይ ቀርቷል። የመጀመሪያው ግኝት ወደ ፓርላማ ይልካችኋል። ሁለተኛው ወደ ሥልጠናና ወደ ሱፐርቪዥን። ልዩነቱ የዓመታት ድካም ነው።

ለውጭ መጽሔት ስትጽፉ ደግሞ «በኢትዮጵያ ተፈቅዷል» ወይም «በኢትዮጵያ ተከልክሏል» ብላችሁ በአንድ መስመር አትለፉ። ሁለቱም ስህተት ነው። የዓመተ ምሕረቱንም ነገር አደራ። 1998 እና 2006 አንድ ዓመት መሆናቸውን የማያውቅ ገምጋሚ ሁለት መመሪያ አለ ብሎ ይጠይቃችኋል።

የራሳችሁን አቋም አስቀድማችሁ እወቁ

ይህን ብዙ ሰው ሥልጠና ላይ ይሰማውና ይረሳዋል። እኔ ጾም የምጾም ሰው ነኝ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ አምስት ወቅት ሶላቷን አታዛንፍም። ሁለታችንም የግል እምነት አለን፤ ሁለታችንም ደግሞ ያልወደድነውን ቁጥር እንዳለ እንጽፋለን። ሥራው የሚጠይቀው ይህን ያህል ነው። አክቲቪስት ሁኑ አይላችሁም። ፊታችሁ ሳይለወጥ አዳምጡ ይላችኋል።

ፊታችሁ የሚለወጥ ከሆነ አያሳፍርም፤ ግን ቀድማችሁ እወቁት። ፊስቱላ፣ የሴት ልጅ ግርዛት፣ የቤተሰብ ዕቅድ፣ የደም ግፊት በእርግዝና፣ ሁሉም ተመራማሪ የሚጠብቁ ሰፊ ጉዳዮች ናቸው። ጠያቂ ምላሷን «እም!» ስታደርግ መልስ ሰጪዋ የቀረውን ታሪክ ትውጠዋለች። ያ መጠይቅ ከዚያ በኋላ ለምንም አይሆንም።

ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ

እዚህ ጋ ቀስ ብዬ ልሂድ። ብዙ ሰው የሚደክመው እዚህ ነው፤ በር የሚከፍተውም ይህ ነው።

ጽንስ ማቋረጥን እንደ ክትባት መቁጠር አይቻልም። ግማሹ ከጤና ተቋም ውጭ ነው፤ ሴቲቱም አትናገርም። ስለዚህ በተዘዋዋሪ ይገመታል። በኢትዮጵያ ሁለት ትልልቅ አገር አቀፍ ግምቶች አሉ፤ የ2008 እና የ2014 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.)። ኒውዮርክ ያለው የሥነ ተዋልዶ ጤና ጥናት ተቋም፣ ጉትማከር ኢንስቲትዩት፣ ከኢትዮጵያ ባለሙያዎች ጋር የሠራቸው ናቸው። በ2008 ወደ 382,000፣ በ2014 ወደ 620,300 ጽንስ ማቋረጥ ተገምቷል። በጤና ተቋም የተደረገው ድርሻ ከ27 በመቶ ወደ 53 በመቶ አድጓል።

አሠራሩ በአጭሩ ይህ ነው። ጤና ተቋማት ስንት ሕጋዊ አገልግሎት እንደሰጡና ስንት ሴት በውስብስብ ችግር መጥታ እንደታከመች ይጠየቃሉ። ከዚያ ልምድ ያላቸው ባለሙያዎች ይጠየቃሉ፦ ውጭ ካቋረጡት መካከል ስንቶቹ ችግር ይገጥማቸዋል? ስንቶቹስ ሐኪም ጋ ይደርሳሉ? ከዚህ ማባዣ ይወጣል። ማባዣው ተቋም ውስጥ የታየችውን አንዲት ሴት ወደማይታዩት ያሰፋታል። ማለትም ከትልቁ ቁጥር ውስጥ አንዱ ክፍል የሰው ግምት ነው። አንድ ቀን ከምትጠየቁት ባለሙያዎች አንዷ እናንተ ትሆናላችሁ፤ ያን ቀን «ልሙላውና ልገላገል» እንዳትሉ።

አሁን አንድ ፈተና ልስጣችሁ። በመጀመሪያው ጽሑፍ የ2008 መጠን ከ1,000 ሴቶች 23 ነው። በሁለተኛው ጽሑፍ ያው 2008 ከ1,000 ሴቶች 22 ተብሏል። ማን ተሳሳተ? ማንም። የመጀመሪያው አካፋይ ከ15 እስከ 44 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው፤ የሁለተኛው ከ15 እስከ 49። ዕድሜው ሲሰፋ አካፋዩ አደገ፤ መጠኑ ወረደ። በ2014 መጠኑ 28 ነበር፤ ስለዚህ 28ን ከ22 ጋር ነው የምታወዳድሩት። ስብሰባ ላይ ከ23 ጋር ያወዳደረ ባለሥልጣንም ተመራማሪም አይቻለሁ። እጃችሁን አውጥታችሁ በትሕትና ካረማችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ትጠራላችሁ።

ሌላው እኛን በቀጥታ የሚመለከተው ነው። በ2014ቱ ጥናት ከፍተኛው መጠን የታየው በአዲስ አበባ፣ በድሬዳዋና በሐረሪ ነው። ዜናው ሲሰማ «የድሬ ልጆች ጉድ» የሚል ቀልድ ተወራ። እናንተ ግን አካፋዩን ጠይቁ። ድልጮራ ወይም ሕይወት ፋና ሆስፒታል በር ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው ያውቃል፤ ታካሚው ከምሥራቅ ሐረርጌም፣ ከሶማሌ ክልልም ይመጣል። አገልግሎቱ ድሬ ላይ ከተቆጠረና አካፋዩ የድሬ ነዋሪ ብቻ ከሆነ መጠኑ ያብጣል። ጥናቱ ይህን እንዴት እንደያዘው ዘዴው የተጻፈበትን ክፍል ፈልጋችሁ አንብቡ። ይህን ጥያቄ ማንሣት የሚችል ሰው ኒውዮርክ ላይ የለም፤ ምክንያቱም በሩ ላይ አልቆመም።

በውስብስብ ችግር የታከሙት ቁጥርም ከ52,600 ወደ 103,600 ወጥቷል። «አገልግሎቱ ሲሰፋ ጉዳቱ ጨመረ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ቀስ በሉ። ሕክምና የሚሰጡ ጣቢያዎች ሲበዙ ድሮ ቤቷ ትቀር የነበረች ሴትም ትመጣለች፤ መምጣቷ ደግሞ ይቆጠራል።

ለልምምድ አገር አቀፉን የሕዝብና ጤና ዳሰሳ (ዲኤችኤስ) ሪፖርት ውሰዱ። የእናቶች ሞት እ.ኤ.አ. በ2011 ከ100,000 ሕያው ውልደት 676፣ በ2016 ደግሞ 412 ተብሏል። ከጎኑ ያለውን የግምት ወሰን፣ እውነተኛው ቁጥር ሊያርፍበት የሚችለውን «ከዚህ እስከዚህ»፣ ደግሞ እዩ። የመጀመሪያው ከ541 እስከ 810፣ ሁለተኛው ከ273 እስከ 551። ጫፋቸው ይነካካል። ይህን ሳይጠቅስ «በ5 ዓመት ይህን ያህል ቀነሰ» ብሎ የሚምል ሰው ቁጥር ወደደ እንጂ አላነበበም። ስታታ ወይም አር መማር አለባችሁ፤ ግን ሶፍትዌሩ ይህን አይነግራችሁም።

ሜዳው፦ ግቢ፣ ሙቀትና ጆሮ

ጁገል ውስጥ አንድ የግቢ በር ብዙ ቤተሰብ ያስገባል። አማት አለች፣ የባል እህት አለች፣ ጎረቤት ስኳር ልትበደር ትመጣለች። «ለብቻ አነጋግሩ» የሚል መመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተጽፎ ይመጣል፤ እዚህ ለብቻ የሚባል ቦታ መፍጠር አለባችሁ። እኛ የምናደርገው ይህ ነው። ሁለት ሁለት ሆነን እንገባለን። አንደኛዋ ለቤቱ ትልቅ ሴት ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ፣ ስለ ልጆች ክትባት እውነተኛ መጠይቅ ታደርጋለች። ሌላዋ ወጣቷን ሌላ ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ሰው ድንገት ከገባ ታብሌቱ ላይ ወደ ቤተሰብ ምጣኔ ጥያቄ የሚዘል ገጽ እናስቀምጣለን። ይህ ፕሮቶኮሉ ላይ ተጽፎ በሥነ ምግባር ኮሚቴ መጽደቅ አለበት፤ ሜዳ ላይ የሚፈጠር ብልሃት አይደለም።

በሰፈራችሁ አትጠይቁ። ለገሀሬ ያደገች ልጅ ለገሀሬ አትመደብ፤ ሳቢያን ትሂድ። የሐረር ልጅ ወደ ድሬ፣ የድሬ ልጅ ደንገጎን ወጥታ ወደ ሐረር ትምጣ። የትራንስፖርት ወጪ ይጨምራል፤ በጀት ላይ ከመጀመሪያው አስገቡት። ሴት ጠያቂ ግዴታ ነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛና ሐረሪ የሚችል ቡድን አቋቁሙ፤ መጠይቁንም በየቋንቋው ሞክሩት። ሁለት ቋንቋ አጣርታ የምትናገር ልጅ ከፍተኛ ዲግሪ ካለው ሰው በላይ ቡድኑን ትጠቅማለች፤ ደመወዝ ስትደራደሩ ይህን አትርሱ።

ሰዓቱ። ድሬ ላይ በግንቦት ከምሳ በኋላ ቤት ለቤት መሄድ ጠያቂውን ማቃጠል ነው። ከዚያም በላይ ከሰዓት በርጫ የሚያዝበት ቤት እንግዳ አያጣም። ጠዋት ውጡ፤ ባል ሥራ ከሄደ፣ ሴትዮዋ ከገበያ ከተመለሰች በኋላ።

የምትጠይቁበት መንገድ ራሱ ጥናት ነው። ሴትን ፊት ለፊት «አቋርጠሻል ወይ?» ካላችሁ የምታገኙት ቁጥር ትንሽ ነው። አንዱ አማራጭ ስለ ቅርብ ጓደኛዋ መጠየቅ ነው፤ ስም ሳትጠራ። የጓደኛ ዘዴ እንለዋለን። የሚሠራው ጓደኛዋ ለእሷ ከነገረቻት ብቻ ነው። ሐረር ውስጥ ሴቶች በአፎቻ የተሳሰሩ ናቸው፤ ለቅሶውም ሠርጉም አብረው ነው። ትስስሩ ሚስጥር ያቀላል ወይስ ወሬ ስለሚያስፈራ የባሰ ያስደብቃል? ጥናት ከመጀመራችሁ በፊት በቡድን ውይይት አጣሩት፤ መልሱ ማስተካከያ ቀመሩ ውስጥ ይገባል።

ሌላው የዝርዝር ዘዴ ነው። ግማሾቹ ሴቶች ከጉዳዩ ጋር የማይገናኙ አራት ነገሮች ይነበብላቸዋል፤ «ስንቱ ደርሶብሻል?» ይባላሉ፤ የትኛው እንደሆነ አይናገሩም። ሌሎቹ ግማሾች አምስት ይሰማሉ፤ አምስተኛው ጽንስ ማቋረጥ ነው። የሁለቱ ቡድን አማካይ ልዩነት መጠኑን ይሰጣል። ማንም ሴት ራሷን አላጋለጠችም። ጉድለቱ ብዙ ናሙና ይፈልጋል፤ ቁጥር የሚከብዳት መልስ ሰጪ ካለች ደግሞ ይዛባል። እኛ በጣት እያስቆጠርን ነው የምንሠራው፤ ጣቷን ከሻሽዋ ሥር ደብቃ።

የፈቃድ ፊርማ ነገር ይሰመርበት። በዚህ ጉዳይ ላይ ፊርማ ያለበት ወረቀት ራሱ አደጋ ነው። ኮሚቴውን የቃል ፈቃድ እንዲፈቅድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ምክንያቱን ካስረዳችሁ ያዩታል። የምትሰጡት የሪፈራል ካርድ ላይ «ጽንስ» የሚል ነገር አይጻፍ፤ የጤና ጣቢያው ስምና የክፍሉ ቁጥር ይበቃል። ሐረሪ ትንሽ ክልል ነው። «የ17 ዓመት፣ ያላገባች፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ» ብላችሁ ከቀበሌ ጋር ሠንጠረዥ ውስጥ ካስገባችሁ ስሟን እንደ መጻፍ ነው። ቁጥሩ ከአምስት በታች የሆነ ሳጥን አዋህዱት ወይም አጥፉት። የውጭ ተባባሪዎች ይህን አይረዱትም፤ ለእነሱ አንድ ቀበሌ አንድ ኮድ ነው። እናንተ ንገሯቸው።

በሩ የት ነው

ሐረር ላይ የሀሮማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ አለ። ከርሳ ላይ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነዋሪውን ቤት ለቤት የሚከታተል የሥነ ሕዝብና ጤና ክትትል ማዕከል አለው። ወሊድ፣ ሞት፣ ፍልሰት ይመዘገባል። ድሬ ላይ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚመሩ አገር አቀፍ ዳሰሳዎችም እዚህ ጠያቂ ይቀጥራሉ። ከድርጅቶች የቤተሰብ መምሪያ ማኅበር፣ ሜሪ ስቶፕስ (አሁን ኤምኤስአይ ይባላል) እና አይፓስ በመስኩ የቆዩ ናቸው። ማስታወቂያ ብቻ አትጠብቁ። የቀድሞ መምህራችሁን «ዳታ ኮሌክሽን ሲኖር አስታውሱኝ» በሉ። ያለ ኃፍረት።

መረጃ ሰብሳቢ ሆናችሁ ስትገቡ ሁለት ነገር ልመዱ። ኮቦ ወይም ኦዲኬ በሚባሉት የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያዎች ላይ መጠይቅ መሥራት፤ ይህን ከቻላችሁ ከሜዳ ወደ ቢሮ ትሳባላችሁ። ሁለተኛው የመስክ ማስታወሻ ነው። ማታ ማታ የታዘባችሁትን ጻፉ፤ የትኛው ጥያቄ ላይ ሴቶች እንደሳቁ፣ የትኛው ላይ እንደተነሡ። ሱፐርቫይዘር ሲመረጥ ማስታወሻ ያላት ትመረጣለች።

ስለ ደራሲነት ሳልናገር አላልፍም። አንድ ከውጭ የመጣ ፕሮጀክት ላይ መጠይቁን አስተካክለን፣ ቡድኑን አሠልጥነን፣ ፈቃድ የለም ተብሎ የተዘጋብንን ቀበሌ አስከፍተን፣ ጽሑፉ ሲወጣ ምስጋና ላይ «የመስክ ሠራተኞችን እናመሰግናለን» ተባልን። ስማችን እንኳ የለም። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው። በሐሳቡ ወይም በመረጃው ላይ ጉልህ ድርሻ፤ በመጻፍ ወይም በማረም መሳተፍ፤ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፤ ለሥራው ተጠያቂ መሆን። አራቱም መሟላት አለባቸው። ዘዴው ይገባችኋል? ለማረም ካልጋበዟችሁ ሁለተኛውን አታሟሉም፤ ከዚያ «መስፈርቱን አላሟላሽም» ይባላል። ስለዚህ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በኢሜይል ጠይቁ፦ «ረቂቁ መቼ ይደርሰኛል? የትኛውን ክፍል ልጻፍ?» መልሱን አስቀምጡት።

የወረቀቱን ሰልፍ አትናቁ። የሥነ ምግባር ፈቃድ፣ ከዚያ የጤና ቢሮ የትብብር ደብዳቤ፣ ከዚያ ወረዳ፣ ከዚያ ጤና ጣቢያ። ማህተም ያለበትን ዋናውን ፋይል ውስጥ፣ ኮፒውን ቦርሳ ውስጥ፣ ፎቶውን ስልክ ላይ። መረጃ ከአገር የሚወጣ ከሆነ የመረጃ ማስተላለፊያ ስምምነት ይጠየቃል፤ ማን ይዞ እንደሚቀመጥ፣ እናንተ ልታገኙት ትችሉ እንደሆነ እዚያ ላይ ይጻፍ።

ገንዘቡና የዋሽንግተን ወቅት

ይህ ሥራ የሌላ አገር ምርጫ ይነካዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በሬገን ዘመን የወጣው የሜክሲኮ ሲቲ ፖሊሲ ከአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ የሚወስድ የውጭ ድርጅት ጽንስ ማቋረጥን እንደ ቤተሰብ ምጣኔ ዘዴ እንዳይሰጥ፣ እንዳይሟገትለት ይከለክላል፤ በራሱ ሌላ ገንዘብም ቢሆን። በ1993 ተነሣ፣ በ2001 ተመለሰ፣ በ2009 ተነሣ፣ በ2017 ሰፍቶ ተመለሰ፣ በ2021 ተነሣ፣ በ2025 ጥር ላይ ተመለሰ። ከዚያ ያው 2025 የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት ራሱ ተዘጋ።

ከዚህ የምትወስዱት ሁለት ነገር ነው። አንድ፣ ውል ስትፈርሙ የገንዘቡን ምንጭ ጠይቁ፤ የሚከለክል አንቀጽ ካለ በጽሑፍ ይሰጣችሁ። ፖሊሲው ውርጃ ደርሶባት የመጣችን ሴት ማከም አይከለክልም፤ በመደፈር የመጣን እርግዝና አይመለከትም። ግን ድርጅቶች ከፈሩ ከተጻፈው አልፈው ይዘጋሉ። «ዶነሩ አይወድም» ሲባል «የትኛው አንቀጽ?» በሉ። ሁለት፣ ሙያችሁን በአንድ ለጋሽ ላይ አትገንቡ። ስታቲስቲክስ፣ ቃለ መጠይቅ፣ የሥነ ምግባር ፕሮቶኮል መጻፍ የትም ይሸጣል።

ከቁጥር ወደ ፖሊሲ

ጤና ቢሮ ኃላፊ 12 ገጽ አያነብም። አንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ከላይ አንድ ቁጥር፣ ከታች እሳቸው በራሳቸው ሥልጣን ሊያደርጉት የሚችሉት አንድ ነገር። «ግንዛቤ መፍጠር ያስፈልጋል» የሚል ምክረ ሐሳብ ማንንም አያስነሣም። «በዚህ ጤና ጣቢያ የሠለጠነች አዋላጅ ተዛውራ ተተኪ የለም» ግን ያስነሣል። የመድኃኒት እጥረት ከሆነ የትኛው መድኃኒት፣ ከስንት ሳምንት ጀምሮ እንደጠፋ ይጻፍ።

ጊዜውንም ጠብቁ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። የወረዳ ዕቅድ የሚነደፈው ከዚያ በፊት ነው። ግኝታችሁን ሐምሌ ላይ ይዛችሁ ከሄዳችሁ ሻይ ተጋብዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሚያዝያ ላይ ሂዱ።

ወደ ዓለም አቀፉ መድረክ ስትወጡ ሁለት ሰነድ በእጃችሁ ይኑር። የዓለም ጤና ድርጅት በመጋቢት 2022 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው የጽንስ ማቋረጥ እንክብካቤ መመሪያ፤ ከክሊኒክ አሠራር እስከ ሕግ ድረስ ከ50 በላይ ምክረ ሐሳቦች አሉት። ሁለተኛው የ2003ቱ የማፑቶ ፕሮቶኮል፣ የአፍሪካ ሴቶች መብት ስምምነት፣ አንቀጽ 14 ነው፤ አፍሪካ ራሷ የጻፈችው። «ይህ ከውጭ የመጣ ጉዳይ ነው» ለሚል መልስ እሱ ላይ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 የከፈተው የአገሮች የጽንስ ማቋረጥ ሕግ ማከማቻም አለ። የኢትዮጵያን ገጽ ክፈቱና ካነበባችሁት አዋጅ ጋር አመሳክሩት፤ ጥሩ ልምምድ ነው።

እንግሊዝኛችሁ ከፈራችሁት በላይ ይበቃል። ፖስተር አቅርባችሁ ስትቆሙ የሚጠይቋችሁ ስለ ሰዋስው አይደለም፤ «ጎረቤት ሲገባ ምን ታደርጋላችሁ?» ነው የሚሏችሁ።

ቤት ውስጥ ምን ይባላል

ይህን ማንም ሥልጠና ላይ አያስተምርም። አክስቴ ቀፊራ ገበያ መሃል «ልጄ፣ ምንድነው የምትሠሪው ግን?» ብላ ጮክ ብላ ትጠይቃለች። «የእናቶች ጤና ጥናት፣ እማዬ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ሙሉውም አይደለም። እናንተም ለየትኛው ሰው እስከ የት እንደምትናገሩ ቀድማችሁ ወስኑ። ከባልደረቦቻችሁ ጋር አንድ መልስ ተስማሙ፤ አንዷ «የክትባት ጥናት» ሌላዋ «የወሊድ ጥናት» ካለች ቀበሌው ይጠረጥራል። መታወቂያ ባጃችሁ ላይ የጥናቱ ሙሉ ርዕስ አይታተም፤ አጭር ስም ይበቃል። ባጃጅ ውስጥ፣ በተለይ ከሐረር ድሬ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ስለ መልስ ሰጪ አታውሩ። ሹፌሩ የማን ወንድም እንደሆነ አታውቁም።

ሲቪያችሁን ስትልኩልኝ ደግሞ የምትችሉትን ቋንቋ ከላይ፣ ከስማችሁ ሥር ጻፉት። ብዙዎቻችሁ መጨረሻ ገጽ ላይ ትደብቁታላችሁ።